ማሻ ነው በሉት

ያስገቡኝ የማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ነው። ማዳበሪያው ወጥቶ እኛ ገባን፤ ሽታው ግን እዚያው ቀርቷል። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ እሱ ነው፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ቀጥሎ ያየሁት እግር ነው። ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡ የአሥራ አንድ ሰዎች ባዶ እግር፣ ወደ መሐል ተዘርግቶ። ፊታቸውን ለማየት ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ በሩ ላይ ቆምኩ።

"ግባ እንጂ! ሠርግ ቤት ነው እንዴ የምትግደረደረው?" አለኝ ከኋላዬ ያለው ጠባቂ፣ ገፋ አድርጎኝ። የሰው እግር ረግጬ ገባሁ።

"ቢስሚላህ ብለህ ግባ ልጄ፤ ብትረግጠኝም አልሞትኩም" አለኝ አንድ የሽማግሌ ድምፅ።

መካነ ሰላም የገዛ ከተማዬ ነው። ከመጋዘኑ እስከ አባቴ ቤት በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ይህንን የምናገረው ርቀቱ በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

እኔ የከብት ሐኪም ነኝ። ሐኪም ስል የዲፕሎማ ነው፤ ገበሬው ግን "ዶክተር" ይለኛል፣ እኔም አላርመውም። ሐሙስ ቀን ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ አንዲት ላም ምጥ ላይ ሆና፣ ጥጃው ተጣሞ፣ ክንዴ እስከ ብብቴ ውስጥ እያለ ነው ሊያስሩኝ የመጡት። "እስክጨርስ" አልኳቸው። ጠበቁኝ፤ ይህን አልክድም። ጥጃው በሕይወት ወጣ። እጄን ለመታጠብ ግን ጊዜ አልሰጡኝም።

ጥፋቴ በቅሎ ነው። ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ባለ አንድ ቀበሌ ጀርባዋ የተላጠ በቅሎ አክሜ ነበር። በቅሎዋ ጫካ የገቡት ሰዎች ናት ተባለ። ትሁን አትሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ቁስል ሳይ የማየው ቁስሉን ነው።

ኪሴ ውስጥ ግን አንድ ወረቀት ነበር፤ ያንገበገበኝም እሱ ነው። የአባቴ የሪፈር ወረቀት። አባቴ ቄስ ነው፤ በደብሩ ዕድሜውን ሙሉ ቀድሶ ያረጀ። ከሦስት ወር በፊት ደረቅ ዳቦ አልወርድ አለው። ቀጥሎ እንጀራው እምቢ አለ። አሁን አጥሚት ብቻ ነው የሚወርድለት፣ እሱም ግማሹ ይመለሳል። የከተማችን ሐኪሞች ደሴ ሄዶ ጉሮሮው በካሜራ ይታይ፣ ከዚያ ከተቻለ ኦፕራሲዮን ይሆናል፣ ቀን ግን አይስጠው ብለው ጻፉለት። ቀጠሮው ሰኞ ነበር። ከብት ቢሆን ኖሮ ለባለቤቱ ቁርጡን እነግረው ነበር። የራስ አባት ሲሆን ግን ምላስ ይተሳሰራል። ቢሆንም ሰኞን ይዤ ነበር፤ ሰኞ ተስፋ ነበረች።

ሚስቴ ሪያድ ናት። ሰው ቤት ትሠራለች፤ ከሄደች አምስት ዓመቷ ነው። ያለ አባት ያደገች ናት፣ አባት ያወቀችው በእኔ አባት ነው። እሑድ እሑድ በእኔ ስልክ ሳይመርቃት አይውልም። በመጨረሻ ያወራን ቀን እንዲህ አለችኝ፤ "ሰኞ ይዘኸው ሂድ። ሐኪም ጋ ገባ ብለህ ድምፅህን ላክልኝ። እስከዚያ እንቅልፍ የለኝም፣ ሰምተሃል?" ሰምቻለሁ አልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት አክስቴ ምግብ ይዛ መጣች፤ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። መገናኘት ክልክል ነው፤ ግን ምግብ ያመጣ ሰው በሩ ላይ ቀምሶ ነው የሚያስገባው፤ እስክትቀምስ ድረስ በቆርቆሮው ቀዳዳ እንተያያለን። አፏን በሽሮ ሞልታ ታወራኛለች፤ ጠባቂው ገና ያልዋጠች እንዲመስለው ቀስ እያለች ታኝካለች።

"አባዬስ?"

"አለ፣ ደህና ነው። አብሽር ሆዴ።"

"መታሰሬን ሰማ?"

"ምን በወጣው! ማሻ ነው አልነው። ለከብት ክትባት ተልኮ ማሻ ገጠር ወርዷል፣ ስልክ አይሠራም አልነው። ሳምንት ይመጣል ብለነዋል።"

"ለሚስቴስ?"

"ለእሷም ማሻ።"

ደሜ ፈላ። ቁጡ ነኝ፤ የሚያውቁኝ ሁሉ ያውቃሉ። "እታለም" አልኳት፣ "አባዬን አታውቂውም? ሳምንት ይመጣል ካላችሁት እኔን ሳይጠብቅ ንቅንቅ አይልም! ታስሯል በይው። ሰኞ ካንቺ ጋር ይሂድ፤ ካርዱን አሳይተሽ ሌላ ወረቀት አጽፊ። ታስሯል በይው!"

"ውይ፣ ቁርጥ ያርገኝ! በዚያ ሕመም ላይ ይህንን ላሰማው? በእጄ ልግደለው?"

"በመጠበቅ ነው የሚሞተው!"

"እሺ፣ እሺ፣ እነግረዋለሁ" አለችና ዋጠች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ። እንደማትነግረው ከእሺታዋ አወቅኩ።

በኛ አገር ክፉ ወሬ ለታማሚ አይነገርም፣ ባዕድ አገር ላለ ሰውም አይነገርም። ይህ ደንብ ከማን እንደመጣ አላውቅም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም እኩል ይጠብቀዋል። እኔም ጠብቄው አውቃለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ጅዳ እያለች እናቷ ሞታ፣ "ጸበል ሄዳለች" እያልን አምስት ወር ስናታልላት አንደኛው አታላይ እኔ ነበርኩ። በስልክ ሳወራት ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ሰኞ አለፈች። ማክሰኞ አክስቴ መጣች። "አይ፣ ልጄ ሲመጣ እሄዳለሁ አለ። ሐኪም የሚናገረውን የሚሰማልኝ እሱ ነው አለ። ለሳምንት ነው፣ ምን አለበት አለ።" ዓይኗን ከቀዳዳው አሸሸች።

መርማሪው ሲጠራኝ ስለ በቅሎዋ ከመጠየቁ በፊት ስለ ወረቀቱ ለመንኩት። ሲፈትሹኝ ከኪሴ ወስደውት ፋይሌ ውስጥ ነበረ፤ ተሰክቶ አየሁት።

"አባቴ ነው የታመመው። ወረቀቱን ለአክስቴ ስጡልኝ።"

"ሰኞ ደሴ ልትሄድ ነበር ማለት ነው" አለ፣ ወረቀቱን እያገላበጠ።

"አዎ፣ ለሕክምና።"

"ደሴ ማንን ልታገኝ?"

"ሐኪም።"

"ሐኪም" ብሎ ጻፈ። ቀና ብሎ አየኝ። "ስሙ ማን ነው?"

የሐኪሙን ስም አላውቀውም ነበር። እሱንም ጻፈ። ወረቀቱ ማስረጃ ሆኖ ቀረ።

መጋዘኑ ውስጥ የምቀመጠው ከሽማግሌው ጎን ነው፤ መጀመሪያ ቀን እግራቸውን ከረገጥኩባቸው። ሼህ ናቸው፣ የወረኢሉ ሰው፣ በሬ ነጋዴ። እሳቸውን ያሳሰራቸው በሬ የሸጡለት ሰው የጫካዎቹ ነው መባሉ ነው። "አንተ በበቅሎ፣ እኔ በበሬ። ከዚህ በኋላ ዶሮ ያረባ ሰው ይምጣልን" ብለው ያስቁኛል። የአባቴን ነገር ስነግራቸው ሰሙኝና፣ በማግስቱ ከሻይ በኋላ ሁሉንም አስቀመጡ። ወዳጃ እናድርግ፣ በጋራ እንለምን አሉ። ጫት የለም፣ ቡና የለም፤ በፕላስቲክ ኩባያ የተረፈች ቀዝቃዛ ሻይ አለች። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። "ያረቢ፣ የዚህን ልጅ አባት አፊያ አድርገው። ልጁን ሳያይ አትውሰደው።" እኔ የቄስ ልጅ፣ "አሚን" ስል ድምፄ ከሁሉም በላይ ጮኸ።

በደንቡ ላይ ግን አንስማማም ነበር። "የታመመ ሰው በወሬ አይወጋም" ይሉኛል። እኔም፣ "ሼህ፣ አባቴ እየጠበቀኝ እኮ ነው። የሚጠብቀው ሰው እንደማይመጣ ቢያውቅ ይሄዳል። ደሴ የአንድ ቀን መንገድ ነው። እኔ ሳልሆን ውሸቱ ነው ያሰረው" እላለሁ። አንድ ቀን ይህን ስላቸው ጢማቸውን ያዙ። "ሐቅ ነው" አሉ በመጨረሻ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ የአገራቸው ሽማግሌዎች ዋስ ሆነው አስፈቷቸው። ሲወጡ እጃቸውን ያዝኩ። ጉልበታቸውንም ይዣለሁ፤ አላፍርበትም። "ይሂዱልኝ። ቤቱን ነግሬዎታለሁ። ልጅህ ታስሯል፣ አይመጣም፣ ደሴ ሂድ ይበሉት። ከእኔ ጋር ስለነበሩ ያምንዎታል።"

"ወላሂ" አሉ። "ወላሂ እነግረዋለሁ። ከዚህ ወጥቼ ቤቴ አልገባም፣ መጀመሪያ እሱ ጋ ነው።"

ያን ቀን በልቼ ጠገብኩ። ከታሰርኩ የመጀመሪያዬ ነበር። ወላሂ ያለ የወሎ ሼህ ቃሉን ያጥፋል ብዬ በምን ልጠርጥር?

በሦስተኛው ቀን አክስቴ ፊቷ በርቶ መጣች። ሽሮውን ገና ሳትቀምስ ጀመረች።

"ያ ሼህ የተባረኩ ሰው ናቸው! ከናንተ ጋር ነበሩ አሉ? ቀጥታ መጥተው አልጋው ጎን ተቀመጡ።"

"ነገሩት?"

"እንዴታ! ከማሻ ነው የመጣሁት አሉት።"

ቀዳዳውን በእጄ ያዝኩ።

"ልጅዎን በዓይኔ አይቼዋለሁ አሉት። ከብቱ እንደ አሸዋ ነው፣ ገበሬው ተሰልፎ 'ዶክተር፣ ዶክተር' ይለዋል፣ በሥራ ብዛት ነው እንጂ ሳያይዎት አያድርም ነበር አሉት። ውይ፣ ደስ አለው! ብድግ ሊል ሁሉ ሞከረ። ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ቀን ሲስቅ አላየሁትም።" ከነጠላዋ ሥር የውኃ ላስቲክ አወጣች። "ጠበል ላከልህ። ለከብቱ ርጭልኝ፣ በሽታው እንዲያልፍ በይው ብሏል። ከብቱ ካለቀለት ደግሞ ይምጣ በይው አለ።"

ጠባቂው ጠበሉንም አስቀመሳት።

ቆርቆሮውን በጡጫ መታሁት። ስድብም ወጣኝ፤ በሼሁ ላይ፣ በአክስቴ ላይ፣ በአገሬው ሁሉ ላይ። በዚያ ቀን ደግ ሰው አስጠላኝ። የሚጠላኝማ ወረቀቴን ብቻ ነው የወሰደው፤ የሚወዱኝ ናቸው አባቴን አልጋ ላይ ያሰሩት። አክስቴ ላስቲኩን በበሩ ሥር አሾልካ እያለቀሰች ሄደች። ጠበሉን ለአሥራ አንዳችን በኩባያ ክዳን አከፋፈልኩት። አብሮን የታሰረ አንድ የወግዲ ገበሬ ሲጠጣ፣ "እንግዲህ ከብት መሆናችን ካልቀረ" አለ፤ ሳቅን። ከዚያ በኋላ የሳቅኩበትን ቀን አላስታውስም።

አሥራ ሁለት ቀን ያህል አለፈ። አክስቴ መምጣት አቆመች፤ ምግቡን የማላውቃቸው ሴቶች ያመጡታል። አንድ ማታ አብረውኝ የታሰሩት ሰዎች ያለወትሯቸው አጎረሱኝ። አንዱ ብርድ ልብሱን ሰጠኝ። ደክሞኝ ስለነበር አልጠረጠርኩም፤ ተኛሁ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስነቃ አሥሩም ተነስተዋል። ፊታቸውን ታጥበው፣ ያላቸውን ጋቢ ለብሰው፣ ግድግዳውን ይዘው ተቀምጠዋል። የወግዲው ገበሬ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ትከሻዬን ያዘኝ። አገሬ ነው፤ መርዶ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ። ሰው በልቶ፣ ተኝቶ፣ ሲነጋ፣ ወገን ተሰብስቦ ነው።

"መቼ?" አልኩት።

"ትናንት ተቀበሩ። ማታ ነው የሰማነው። እንድትበላ ብለን ነው።"

"ማሻ ያለሁ መስሎት?"

ጋቢውን ደረበልኝ። አለቀስኩ። እንደ ላም ጮህኩ፤ ማንም ዝም በል አላለኝም። እነሱም አለቀሱልኝ፣ አባቴን አንዴ እንኳ አይተውት ሳያውቁ።

ጥቂት ቆይቶ በሩ ተከፈተ። ያ መጀመሪያ ቀን የገፋኝ ጠባቂ ነው። ለቅሶውን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ፤ መልሶ አደረገው። የራሱን ስልክ አውጥቶ ሰጠኝ።

"አክስትህ ለምናኝ ነው። ሚስትህ ጠፋብኝ እያለች በስልክ እያለቀሰች ነው። ማሻ ነኝ፣ ሁሉም ደህና ነው በላትና ዝጋ። ሦስት ደቂቃ።"

ቁጥሯን መታሁ። ጠራ። አነሳችው፤ ከኋላዋ የሚፈስ ውኃና የዕቃ ድምፅ ይሰማል።

"እኔ ነኝ" አልኳት።

"ውይ እመቤቴ! ምን ሆነህ ነው? ማሻ እስካሁን? አባዬስ? ደሴ ሄደ?"

ያ የለመድነው ነገር አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ሁለት ቃል ነው፤ "ደህና ነው።" አባቴ በዚያ ቃል ታልሎ ሞተ፤ እሷን በዚያው ቃል ላታልላት አልቻልኩም።

"ማሻ አይደለሁም። ማሻ ሄጄም አላውቅም። ከአንድ ወር በላይ ታስሬያለሁ፤ መካነ ሰላም ነኝ፣ ከአባዬ ቤት የግማሽ ሰዓት መንገድ። አባዬ አረፈ። ትናንት ተቀበረ። ደሴ አልሄደም፣ እኔን ሲጠብቅ።"

ውኃው ይፈሳል። አንድ ሕፃን በዓረብኛ ይጣራል። እሷም በዓረብኛ ቶሎ መለሰችለት፣ መጣሁ የምትል ይመስለኛል። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፣

"ለምን ነገርከኝ?" አለች።

"እውነቱን እንድታውቂ ብዬ ነው።"

"እሺ፣ አወቅኩ። አሁን ምን ላድርግ? ቁርስ ላቅርብ? እዚህ እኮ ብቻዬን ነኝ። ማን ያስለቅሰኛል? እሪ ብል እንኳ ያባርሩኛል። እናንተ እዚያ ተሰብስባችሁ ነው የምታለቅሱት። እኔን ማን ይደርሰኛል?"

አንድ ወር ሙሉ እውነት፣ እውነት ስል ይህ አንድም ቀን ትዝ አላለኝም። ደንቡ ለምን እንደተሠራ ያኔ ገባኝ። ክፉ ወሬ የሚደበቀው ሰው ብቻውን እንዳያለቅስ ነው። እሷም ልክ ነበረች፣ እኔም ልክ ነበርኩ፣ አባቴም ተቀብሯል።

ቀና ስል አሥሩ ሰዎች ያዩኛል። የስልኩን ድምፅ ከፈትኩት። "ሚስቴ ናት" አልኳቸው። "ሪያድ ናት። ለቅሶ የሚደርሳት ሰው የለም።"

ሌላ ማስረዳት አላስፈለገም። የወግዲው ገበሬ መጀመሪያ ጎንበስ አለ። "እግዜር ያጥናሽ እህቴ። ነፍስ ይማር።" ቀጥሎ አንድ መምህር፤ "እግዚአብሔር ያጽናሽ።" ቀጥሎ የማላውቀው፣ ከትናንት ወዲያ በተፈታ ሰው ቦታ የገባ ሰው፤ "አሏህ ሶብሩን ይስጥሽ የኔ እህት።" በየተራ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው እየመጡ ጎንበስ ይላሉ። ሦስቱ ደቂቃ አልፏል። ጠባቂው ወደ በሩ ዞሮ ቆመ እንጂ ስልኩን አልቀማኝም። ስድስተኛው ሰው ላይ ለቅሶዋ ወጣ። የውኃው ድምፅ ላይ ጮኸች። "አባዬ፣ አባዬ" ትላለች፤ ሰዎቹም "አይዞሽ፣ አልቅሺ" ይሏታል። የሌላ ሴት የቁጣ ድምፅ መጣ፤ መስመሩም ተቋረጠ።

ከአራት ወር በኋላ ለቀቁኝ። ክስ የለም፣ ምክንያትም የለም፤ "ሂድ" ነው የተባልኩት። ሼሁን ወረኢሉ ገበያ አገኘኋቸው። በሬያቸውን ለሰው አስይዘው መጡ። "አልቻልኩም ልጄ" አሉኝ። "ልነግረው ነው የገባሁት። ልጄን አየኸው ወይ ብሎ እጄን ያዘ። ምን ልበል?" አልተቆጣሁም። ይቅር ብያለሁ ማለቴም አይደለም። በሬው ዓይኑ ያለቅስ ነበር፤ አየሁላቸውና መድኃኒቱን ነገርኳቸው።

ሚስቴ ያን ቀን ከሥራዋ አልተባረረችም፤ ቁርሱን አቅርባለች። አሁንም እዚያው ናት። ፓስፖርቷ አሠሪዎቿ ጋ ነው፤ መቼ እንደምትመጣ እሷም እኔም አናውቅም፣ መጠየቁንም ትተነዋል። ዓርብ ዓርብ በቪዲዮ እንተያያለን። ከዚያ ቀን ወዲህ ተማምለናል፤ አንደባበቅም፣ ክፉም ቢሆን እንነጋገራለን ብለን።

"አልመቱህም አይደል?" ትለኛለች አንዳንዴ፣ ድንገት፣ ስለ ሌላ ነገር ስናወራ።

"አልመቱኝም" እላታለሁ።

ከምርመራው ወዲህ የግራ እጄ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። ስልኩን በቀኜ ነው የምይዘው።